የሃውንትድ ሃውስን ምድር ቤት ለስክሪን አንሰጥም

«ሃውንትድ ሃውስ ሲጠግኑት የሚኖሩት እንጂ የሚጫወቱበት ማሽን አይደለም፤ ስክሪን ላይ ያለው ቅጂ ይበቃል» የሚል ፍርድ ሰሞኑን በፒንቦል (በመስታወት ሥር የብረት ኳስ እየመቱ የሚጫወቱበት ማሽን) ሰብሳቢዎች ዘንድ እየተናፈሰ ነው። እንዲህ የሚሉት መስታወቱን አንስተው ውስጡን አይተው የማያውቁ ናቸው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ከሁሉ የባሰችው «ሦስት ፎቁ የዓይን ማታለያ ነው» የምትለዋ ክስ ናት። ጌጥ ከሆነ ስምንት ፍሊፐር (በቁልፍ የሚታዘዝ የኳስ መምቻ ክንፍ) ምን ይሠራለታል? ጆን ኦስቦርን ነድፎት የፒንቦል አምራቹ ጎትሊብ በ1982 እ.ኤ.አ. ያወጣው ይህ ማሽን ከላይ ሰገነት፣ መሃል ላይ ዋና ወለል፣ ከሥሩ ምድር ቤት አለው። ከወለል በታች መጫወትን ሌላው የጎትሊብ ማሽን ብላክ ሆል በ1981 ቀድሞታል፤ ይሁን። ሰገነቱን የደረበው ግን ይኼኛው ነው።

ነገሩ ያለው ምድር ቤቱ ላይ ነው። በዋናው ወለል ላይ በተገጠመው ብርሃን አስተላላፊ መስኮት ቁልቁል ይታያል፤ ተዳፋቱ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ኳሷ ወደ ተጫዋቹ መምጣቷን ትታ ከእሱ ትሸሻለች፤ ፍሊፐሮቹም ወዲያኛው ጫፍ ላይ ሆነው ወደ እሱ ይመታሉ። ላይ ሲሠራ የኖረ እጅ እዚያ ሲደርስ ይደናገራል፦ የሚያውቀው አንግል ሁሉ በግልባጭ ነው፣ ሰዓቱን ጠብቆ መምታትም እንደ አዲስ ይለመዳል። የሚያስፈራው ማሽኑ የሚያሰማው የኦርጋን ዜማ መሰላችሁ? 80 ግራም የምትመዝን ብረት እጃችሁ ሥር ስትንከባለል በካቢኔው እንጨት በኩል በመዳፍ ትሰማለች። ስክሪን ይህን ከየት ያመጣል?

«ይበላሻል» ለሚሉት፦ የታወቀው በሽታው የፎቆቹ ብዛት ሳይሆን ሲስተም 80 የሚባሉት የጎትሊብ ኤሌክትሮኒክ ሰሌዳዎቹ ናቸው፤ ባለ አንድ ፎቅ ወንድሞቹም ይታመሙበታል። ዋናው ሰሌዳ ላይ ያለው ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ ሲያረጅ ፈሳሹ የመዳብ መስመሮቹን ይበላል። ባትሪውን ነቅሎ፣ የነካውን በኮምጣጤ ጠርጎ፣ በአልኮል ማጠብ ነው። ግራውንዱ (የኤሌክትሪኩ መመለሻ መስመር) የሚያልፈው በኮኔክተር፣ ማለትም በሽቦ ማያያዣ፣ ስለሆነ ኮኔክተሩ ሲላላ የድራይቨር ሰሌዳው ትራንዚስተሮች (ኤሌክትሪኩን የሚከፍቱና የሚዘጉ) እንደተከፈቱ ይቀሩና ኮይል (እንደ ፍሊፐር ያሉትን የሚያንቀሳቅስ የሽቦ ጥቅል) ያቃጥላሉ። መድኃኒቱ ከሰሌዳ ሰሌዳ ተጨማሪ የግራውንድ ሽቦ መበየድ ነው፤ ይኸው ነው። ፍሊፐር ሲደክም ደግሞ ኮይል ለመግዛት ከመሮጥ በፊት ጫፍ ሲደርስ የሚላቀቀውን ስዊች ማየት፦ በደንብ ካልገጠመ ጉልበት ያጣል፣ ካልተላቀቀ ኮይሉን ያነደዋል። ስምንቱንም፣ አዎ።

የተመረተው 6,835 ብቻ ነው። ከእነዚህ አንዱን ወደ መጋዘን የሚገፋ ሰብሳቢ ቢያንስ ግራውንዱን ፈትሾ ይግፋው።