በርሜል ውስጥ ያደገች የቤት ልጅ

ድሬዳዋ ላይ ግንቦት ሲገባ ቤት የሚባለው ነገር የዕቃ ማስቀመጫ ይሆናል። ቀን ሙቀቱ 35 ዲግሪ አካባቢ ሲያንገበግብ ይውላል። ማታ ደግሞ ቆርቆሮው የጠጣውን ፀሐይ መልሶ ሰው ላይ ይተፋል። ስለዚህ ሰው ፍራሹን ተሸክሞ ግቢ ይወጣል። ኒሙ ሥር ምንጣፍ ይነጠፋል፣ ሽርጥ ይታጠቃል፣ ጀበና ይጣዳል። ከዚያ አንዱ ቁርጭምጭሚቱን በጥፊ ያጮለዋል። "አቦ፣ ይቺ ቢምቢ!" የምሽቱ ስብሰባ በይፋ ተከፈተ ማለት ነው።

አጀንዳው ሁሌም አንድ ነው፦ ከየት መጣች? መልሱም አንድ ነው፦ ከጎረቤት። ጎረቤት በበኩሉ ከደቻቱ ወንዝ ነው ይላል። ደቻቱ እኮ የዓመቱን ብዙ ጊዜ አሸዋ ነው፤ አሸዋ ላይ ደግሞ ቢምቢ አይፈለፈልም። ግን ማን ይመረምራል? የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች እንዲሉ፣ ከምንጣፉ ሁለት ሜትር ራቅ ብሎ ግድግዳ ተደግፎ የቆመውን ሰማያዊ በርሜል ማንም ዞሮ አያየውም።

እንዴትስ ይጠረጠራል? ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ በርሜል ማለት የባንክ ደብተር ነው። ውሃ በመጣ ሌሊት እንቅልፉን አጥቶ ሲሞላ ያደረ አባወራ በማግስቱ ግቢው መሃል እንደ ባለሀብት ይንጎራደዳል። ሮቶው ከላይ፣ ሁለቱ በርሜሎች ከታች፣ ጀሪካኖቹ ተደርድረው፣ ሳፋው ሳይቀር ጢም ብሎ። "ይኸው፣ ለሁለት ሳምንት አንቸገርም!" እውነቱን ነው። ቢምቢዋም አትቸገርም። በዚህ ሙቀት ከእንቁላል ተነስታ ክንፍ አውጥታ ለመብረር የሚያስፈልጋት ከስምንት እስከ አሥር ቀን ነው፤ የተረፈውን አራት ቀን ቁርጭምጭሚት ትጎበኝበታለች።

አሁን ወደ በርሜሉ ጠጋ እንበል። እግሯ ላይ ነጭ ቀለበት ያላት ጥቁሯ ቢምቢ፣ ባለሙያዎች ኤደስ ኢጂፕታይ የሚሏት፣ እንቁላሏን ውሃው ላይ አትጥልም። ከውሃው ጠርዝ ትንሽ ከፍ ብላ፣ እርጥቡ የበርሜል ግድግዳ ላይ፣ አንድ በአንድ ትለጥፈዋለች። እንቁላሉ ጥቁር ነው፣ ከጤፍ ያንሳል። ውሃው ቢያልቅ፣ በርሜሉ ደርቆ ቢከርም፣ ለወራት ሳይሞት ይጠብቃል፤ ውሃ ተመልሶ ሲነካው ይፈለፈላል። ስለዚህ "እኛ ቤት እኮ ውሃ ሦስት ቀን አያድርም" የሚለው ክርክር አያዋጣም። ያለቀው ውሃው ነው። እንቁላሉ ኪራይ እንደማይከፍል አሮጌ ተከራይ ግድግዳው ላይ አለ። እንዲያውም በርሜሉን ሳይፈገፍጉ መሙላት ለእሷ እንቁላል ውሃ ማጠጣት ነው።

የተጠራጠረ ሰው ነጭ ኩባያና የእጅ ባትሪ ይያዝ። ክዳኑን ከፍቶ ወዲያው ከጨለፈ ንጹሕ ውሃ ያወጣና ልቡ ይደሰታል። ልጆቿ ጥላ ሲያርፍባቸው ወደ ታች ስለሚሰምጡ ነው። አንድ ሁለት ደቂቃ ዝም ብሎ መቆም፣ ከዚያ ኩባያውን በጠርዝ በኩል በአንድ ጊዜ መንከር። ኩባያው ውስጥ ቡናማ ክር የመሰለ ነገር እየተጣጠፈ ሲዋኝ ይታያል። ጭንቅላቱን ቁልቁል ዘቅዝቆ በጭራው በኩል አየር የሚስበው የኤደስ ወይም የሌላዋ ቢምቢ፣ የኩሌክስ፣ ልጅ ነው። ውሃው ፊት ላይ ጠፍጣፋ የተኛው ደግሞ የአኖፊለስ፣ የወባዋ ነው። ራሱ እንደ ምስር አብጦ ጭራው የተጠማዘዘ ከታየማ ጊዜ የለም፤ እሱ መብላት አቁሟል፣ በሁለት ሦስት ቀን ይበራል።

"ወባ የገጠር ናት" እያልን በከተሜነታችን ስንኮራ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባል ከተሜ መጣችልን። አገሯ ደቡብ እስያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ጅቡቲ ላይ ታየች፣ በ2016 ሶማሌ ክልል፣ ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘች። በየት በኩል እንደገባች የሚያሳይ የጉምሩክ ወረቀት የላትም፤ ድሬ ደግሞ እንግዳ ፊት አትነሳም። ይቺ እንግዳ ረግረግ አትፈልግም፣ ዝናብም አትጠብቅም። የበርሜል፣ የሮቶና የሲሚንቶ ገንዳ ውሃ ይበቃታል። በ2022 ድሬዳዋ ላይ ገና ክረምት ሳይገባ፣ በደረቁ ወራት ወባ ሲፈላ፣ አጥኚዎች ጣታቸውን የቀሰሩት እሷ ላይ ነበር። ባለ ነጭ ቀለበቷም ብትሆን እ.ኤ.አ. በ2013 በዚሁ ከተማ ከተነሳው የደንጊ ትኩሳት ወረርሽኝ ጋር ስሟ አብሮ ይነሳል። ሁለቱ ሥራውን ተከፋፍለውታል፤ ኤደስ ማለዳና ከአሥር ሰዓት በኋላ፣ ስቴፈንሲ ደግሞ ከመሸ። ከውሃው ፈረቃ ይልቅ የእነሱ ፈረቃ ሰዓት ያከብራል።

መፍትሔው ክዳን ነው ይባላል። የበርሜሉ ክዳን የታለ? ሲገዛ ነበረው። አሁን ዶሮዎቹ ውሃ ይጠጡበታል፤ ማለትም እሱም ለብቻው ሌላ ማራቢያ ሆኗል። በምትኩ በርሜሉ ላይ የቆርቆሮ ቁራጭ ተጥሎ፣ ድንጋይ ተጭኖበታል። ድንጋዩ የሚከላከለው ነፋስን ነው። ከ2 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ክፍተት ሁሉ ለቢምቢ በር ነው፤ የውሃ ጎማው የሚገባበት ቀዳዳማ የከተማ መግቢያ አስፋልት ነው። ጥሩ ክዳን ከጠፋ ጥቅጥቅ ብሎ የተሸመነ ጨርቅ ይሠራል፦ ከመኪና ካላማዳሪያ ሦስት ጣት ስፋት ያለው ቀለበት ቆርጦ፣ ጨርቁን በርሜሉ አፍ ላይ እንደ ከበሮ ቆዳ ወጥሮ በቀለበቱ መጠፈር። መሃሉ ረግቦ ውሃውን ከነካ ግን ዋጋ የለውም፤ ጨርቁ ራሱ ረጥቦ ይቀራል። ቀን ሃያ ጊዜ እየተፈታ በጣሳ ከተጨለፈበትም ወዲያው ይላላል። ስለዚህ ከበርሜሉ ሥር አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ቧንቧ ማስገጠምና በርሜሉን ብሎኬት ላይ ማቆም ነው፤ ክዳኑ የሚከፈተው ሲሞላና ሲታጠብ ብቻ ይሆናል። ጠርዙ ከፍ ያለው የብረት ክዳን ደግሞ ሌላ ተንኮል አለው። ዝናብ ሲጥል አናቱ ላይ አንድ ሁለት ጭልፋ ውሃ ያቁራል። ከሥር የተከደነ፣ ከላይ የተከፈተ ማለት ነው። በአንድ በኩል ጠጠር ሸጉጦ ማዘንበል ይበቃል።

ሮቶ ጣራ ላይ ስለወጣ ከጥርጣሬ ነፃ አይደለም። ክዳኑ ተሰንጥቆ ከሆነ፣ ትርፍ ውሃ የሚያፈሰው ቱቦም አፉ ክፍት ከሆነ፣ ቢምቢ ደረጃ አያስፈልጋትም። ቱቦው አፍ ላይ ወንፊት ሽቦ ማሰር የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። የአሥር ደቂቃ ሥራ እኛ ዘንድ አንድ ዓመት ይፈጃል።

ማጠቡ ላይ ነው እንግዲህ የቤተሰቡ ፖለቲካ የሚወጣው። በርሜሉን ማን ያጥባል? አባት "እኔ ሞልቻለሁ" ይላል። ትልቁ ልጅ ፈተና አለበት፤ ፈተናው ከጥቅምት ጀምሮ አላለቀም። በመጨረሻ ሥራው እጁ በርሜሉ ወገብ ላይ ለማይደርሰው ለትንሹ ይሰጣል። እሱም ውሃ አለቅልቆ፣ "አለቀ" ብሎ ይሮጣል። አላለቀም። እንቁላሉ የተለጠፈ ስለሆነ በማለቅለቅ አይነሳም። ውሃ ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው የተረፈውን ለልብስ አጠባ ጨርሶ፣ በርሜሉን በጎኑ አስተኝቶ፣ ግድግዳውን በረኪና ቀብቶ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ትቶ፣ ከዚያ በሻካራ ቡሩሽ መፈግፈግ። ይበልጥ የሚፈገፈገው ውሃው ከፍና ዝቅ የሚልበት የላይኛው ክፍል ነው። እጣቢው ፀሐይ የሚያገኘው ደረቅ መሬት ላይ ይደፋል፤ ቦይ ውስጥ ከተደፋ ልጆቹን ለጎረቤት ማደጎ እንደ መስጠት ነው። ይህ በየሰባት ቀኑ ነው። በስምንተኛው "ነገ አጥበዋለሁ" ያለ ሰው የመብረሪያ ፈቃድ ፈርሟል።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አሸዋ የመሰለ መድኃኒት ይዛ የመጣች ዕለት ደግሞ ግቢው ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ "ውሃችን ሊመረዝ ነው" ብሎ እሷ ስትወጣ በርሜሉን ይደፋል። ግማሹ "ጥሩ ነገር በዝቶ አይጎዳም" ብሎ እንደ በርበሬ በዓይኑ ይመጥናል። "አቤት" የሚባለው ይህ 1 በመቶው ብቻ መድኃኒት የሆነ ፍርክስካሽ መጠኑ ለ10 ሊትር 1 ግራም ነው፤ ለ200 ሊትር በርሜል 20 ግራም። በዚህ መጠን በመጠጥ ውሃ ላይ እንዲውል የተፈቀደ ነው። ከዚያ ካነሰ ልጆቿን ላይጨርስ ይችላል፤ ከዚያ በላይ ሻዩን ያበላሻል።

ይህን ሁሉ ከማድረግ ግን የሚገዛ ነገር መፈለግ ይቀላል። ከውጭ የመጣው የአጎት ልጅ በሻንጣው ሰማያዊ መብራት ያለው መግደያ ይዞ ይመጣል። ማታ ማታ "ጣ! ጣ!" ሲል ቤተሰቡ በየድምፁ ያጨበጭባል። ጠዋት ሳህኑ ሲታይ በአብዛኛው የእሳት ራትና ጥንዚዛ ነው። ቢምቢ ወደ ሰው የምትመጣው በትንፋሽ፣ በሰውነት ሙቀትና በላብ ጠረን ተመርታ ነው፤ ለመብራቱ ደንታ የላትም። ስልክ ላይ የሚጫነው "የማይሰማ ድምፅ" ደግሞ እውነትም አይሰማም፤ ለሰውም፣ ለቢምቢም። ኒሙስ? ዛፉ ስለቆመ ብቻ የሚሰጠው ጥላ ነው። ነጭ ሽንኩርት የበላ ሰው ያባረረው አጠገቡ የተቀመጠውን ነው። ጭስ ትንሽ ይረዳል፤ ነፋሱ እስኪዞር። ሲዞር የሚያለቅሰው ቤተሰቡ ነው። የቢምቢ ማባረሪያ ጥቅል ጢሱን የሚያጨስ ሰው ነፋሱ በሚመጣበት በኩል፣ ደጅ ያስቀምጠው፤ በር ዘግቶ መኝታ ቤት ማጨስ ሳንባን ማጠን ነው።

የሚገርመው፣ ከሁሉ የሚሻለው መሣሪያ እዚያው ቤት ውስጥ ወደ ጣራ ዞሮ ይሽከረከራል። ቬንቲሌተር! ቢምቢ ደካማ በራሪ ናት፤ ነፋስ ይጥላታል፣ የትንፋሻችንንም ዱካ ይበትንባታል። ግን አባወራው ፊቱ ላይ ያዞረዋል። ፊት ላይ የሚመጣ የለም፤ ኤደስ የምትወደው ከጉልበት በታች ነው። መሬት ላይ አስቀምጦ በእግር በኩል መንፋት ነው። ሽርጥ ባትን ለቢምቢ ክፍት ሆቴል እንደሚያደርግ ያወቀ ደግሞ 20 ወይም 30 በመቶ ዲት የተባለ የቢምቢ መከላከያ ያለው ቅባት እግሩን ይቀባል፤ ይህ ለጥቂት ሰዓታት ያቆያል። ጥቁር ልብስ ይቅርብዎ፤ እሷ ጥቁር ትወዳለች። "እኔን የምትነክሰኝ ደሜ ጣፋጭ ስለሆነ ነው" የሚል ከመጣ ዝም ብሎ ማሳለፍ ነው፤ ይህን የሚለው ሁሉ ትንሽ መመስገን ፈልጎ ነው።

ደጅ ለሚያድር አጎበር አለ። ማለቴ፣ ነበረ። አሁን የዶሮ ቤት አጥር ነው፣ ወይ ጥራጥሬ ይደርቅበታል፣ ወይ ተፈትሎ ፍየሏ ታስራበታለች። በዚህ ከተማ ፍየል ወባ ይዟት አያውቅም። በቦታው የተገኘ ከሆነ ግን፦ አዲሱን አንድ ቀንና ሌሊት ጥላ ላይ ማናፈስ፣ አራት ቋሚ ተክሎ ከአራት ማዕዘን መወጠር፣ ጠርዙን ፍራሽ ሥር መሸጎጥ። በፀሐይ ማስጣትና በረኪና መዘፍዘፍ መድኃኒቱን ይጨርሰዋል።

መንገድ ላይ መኪና ጭስ እየነፋ ሲያልፍ የሚያጨበጭቡም አሉ። የሚሞተው በዚያች ሰዓት የሚበረው ነው። በርሜል ውስጥ ያሉት ልጆች ግን ድምፁን ሰምተው ትንሽ ሰመጡ፤ ከዚያ ተመልሰው ወጡ። የአበባ ማሰሮው ሳህን፣ ጣራ ላይ ቆርቆሮ እንዲይዝ የተጣለው ጎማ፣ የማቀዝቀዣው ከኋላ ያለች የውሃ ሳህን፣ ግቢው ጥግ የተረሳ ጣሳ፤ ለእነሱ የሚነፋ መኪና የለም። ሳህኑን አሸዋ ሙሉበት፣ ጎማውን ብሱት፣ የቀረውን ድፉት።

ይህን ሁሉ አድርገን ደግሞ ትነክሰናለች። ኤደስ ከተፈለፈለችበት ከ200 ሜትር ብዙም አትርቅምና አሁን ገና ጥርጣሬው በእውነት ወደ ጎረቤት ያልፋል። ግን "በርሜልዎን ልይ" ተብሎ አይገባም፤ ዕድርም ይፈርሳል። እማማ ግን መላ አላቸው። ነጭ ኩባያቸውን ይዘው ብቅ ይላሉ። "እትዬ፣ ውሃ አለቀብኝ፣ አንድ ኩባያ ብቻ።" ክዳኑ ሲከፈት ሁለት ደቂቃ ስለ ጤና ይጠይቃሉ፤ ልጆቹ፣ ጉልበቱ፣ ስኳሩ። ከዚያ በጠርዝ በኩል በአንድ ጊዜ ይነክራሉ። ኩባያውን ብርሃን ላይ አድርገው፣ ምንም ሳይሉ፣ ለባለቤቷ ይሰጣሉ።

በማግስቱ ከሰዓት በሩ ይንኳኳል። ጎረቤቲቱ ናት፤ ነጭ ኩባያ ይዛለች። "ስኳር ነው?" ሲሏት፣ "ኧረ የለም" ትላለች፣ ዓይኗን ሰማያዊው በርሜል ላይ እንደተከለች፤ "እናንተ ቤት ልጆቹ እንዴት ናቸው?"