ኮዱን ራስህ ብትጽፈውም ፓተንት ያገኝሃል

ወንድሜ፣ ትናንት ፒያሳ ፕሮግራም ለሚጽፉት ልጆች «ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት) ከሆነና ኮዱን ራሳችሁ ከጻፋችሁት ማንም አይከሳችሁም» ስትል ሰማሁ። ብዙ ሰው እንደዚያ ያምናል። ግን ልክ አይደለም።

የቅጂ መብትና ፓተንት (ለፈጠራ ባለቤት የሚሰጠው ብቸኛ መብት) ተቀላቅለውብሃል። የቅጂ መብት የሚጠብቀው የተጻፈውን ኮድ ነው። ካልቀዳህ አይነካህም። ፓተንት ግን የሚይዘው ዘዴውን ነው። ያንን ዘዴ የማንንም ሥራ ሳታይ፣ እዚሁ ጎንደር ቤትህ ቁጭ ብለህ ብትደርስበትም፣ ፓተንቱ በሚሠራበት አገር ያለፈቃድ ልትጠቀምበት አትችልም።

ጂአይኤፍ የተባለውን የምስል ፋይል ዓይነት ተመልከት። ምስሉ የሚታመቅበት ኤልዜድደብሊው የተባለው ዘዴ የዩኒሲስ ፓተንት ነበረበት። ድርጅቱ ክፍያ እንደሚፈልግ እ.ኤ.አ. በ1994 መጨረሻ ሲታወቅ ፕሮግራመሮች ተሰባስበው ፒኤንጂ የተባለ ሌላ የምስል ፋይል ዓይነት ሠሩ። ዛሬ በየስልካችን ያለው ፒኤንጂ የመጣው ከዚያ ጭንቀት ነው። የኤልዜድደብሊው የአሜሪካ ፓተንት ያበቃው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ፌዶራ ሊኑክስ የተባለው ኦፕን ሶርስ የኮምፒዩተር ሥርዓትም ለዓመታት ያለ ኤምፒ3 ማጫወቻ የቆየው ኮዱ ጠፍቶ አይደለም፤ በፓተንት ምክንያት ነው።

ልጆቹን ግን አታስፈራራብኝ። የኛው አዋጅ ቁጥር 123/1987 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ፓተንት ከሚሰጣቸው ነገሮች ውጭ አድርጎታል። የአሜሪካ ፓተንትም እዚህ አይሠራም። ሥራቸውን አሜሪካ ሲሸጡ ነው ጣጣው የሚመጣው።

ለኮዳቸው የአጠቃቀም ፈቃድ ሲመርጡ አፓቼ 2.0ን ወይም ጂፒኤል 3ን እንዲያዩ ንገራቸው። በሁለቱም ኮድ ያዋጣ ሰው ላዋጣው ኮድ የሚያስፈልገውን የራሱን ፓተንት ለተጠቃሚው ይፈቅዳል። ኮድ ያላዋጣ የውጭ ባለፓተንትን ግን አያስሩትም።