ራጅ የሚያነሳን ባለሙያ ያናግረን

ራጅ ክፍል ስንገባ የሚነገረን ትንሽ ነው። «ቀጥ ብለው ይቁሙ፤ አየር ይሳቡ፤ እንዳይተነፍሱ።» ከዚያ «ጨርሰናል፣ ውጤቱን ሐኪምዎ ይነግርዎታል» እንባላለን፤ ቀጣዩ ታካሚ ይጠራል።

እዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ትልቅ ዕድል ይባክናል ባይ ነኝ። ምስሉን አንብቦ ሪፖርት የሚጽፈውን ራዲዮሎጂስት አብዛኛው ታካሚ በዓይኑ አያየውም። ፊት ለፊት የሚያገኘው ራጁን የሚያነሳውን ባለሙያ፣ ራዲዮግራፈሩን ነው። ስለ ጨረር የሚያስጨንቀውን ጥያቄ ሊመልስለት የሚችለውም እሱ ነው።

ጭንቀቱን በዝምታ ማለፍ ጉዳት አለው። አንዱ ጨረር ፈርቶ የሚያስፈልገውን ምርመራ ይተዋል። ሌላው ወገቡን ባመመው ቁጥር ሲቲ ስካን ካልታዘዘልኝ ይላል። ለሁለቱም የሚጠቅመው መጠኑን ማወቅ ነው። የሰው ልጅ ከአፈር፣ ከአየርና ከጠፈር በዓመት በአማካይ 2.4 ሚሊሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ያህል ጨረር ያገኘዋል። አንድ የደረት ራጅ አብዛኛውን ጊዜ 0.1 ወይም ከዚያ በታች ነው። የሆድ ሲቲ ስካን ግን ወደ 10 ሊጠጋ ይችላል። አልትራሳውንድና ኤምአርአይ ጭራሽ እንዲህ ያለ ጨረር አይጠቀሙም። ይህን ለመናገር አንድ ደቂቃ ይበቃል።

በጣም የሚያሳስበኝ ማሞግራፊ፣ ማለትም የጡት ራጅ ነው። ጡት በማሽኑ ሲጨመቅ ያማል። የሚጨመቀው እርስ በርሱ የተደራረበው ሥጋ ተዘርግቶ ትንሽ እብጠት እንኳ እንዲታይ ነው፤ የሚያስፈልገው ጨረርም ይቀንሳል። ይህን ቀድማ የሰማች ሴት ሕመሙን ትችለዋለች። ያልተነገራት ግን በቀጠሮዋ ላትመለስ ትችላለች። የጡት ካንሰርን ቀድሞ ለማግኘት ደግሞ በየጊዜው መመለስ ግድ ነው። «እርጉዝ ነሽ ወይ?» የሚለው ጥያቄም እንዲሁ ነው። ሰው እየሰማ ከተጠየቀች እውነቱን ላትናገር ትችላለች። ለብቻዋ፣ ምክንያቱ ተነግሯት ስትጠየቅ ግን ትናገራለች።

ራዲዮግራፈሩ ከሙያ ድርሻው አልፎ ምርመራ ይተርጉም ማለቴ አይደለም። «ሰልፉ ረጅም ነው፣ ጊዜ የለንም» የሚሉ ባለሙያዎችም እውነታቸውን ነው። ግን ምን እንደሚደረግ ያልገባው ታካሚ ይንቀሳቀሳል። ምስሉ ይበላሻል፣ እንደገና ይነሳል፣ ጨረሩም ይደገማል። ታዲያ ጊዜው የቱ ላይ ተቆጠበ?

አስተዳዳሪዎች የራጅ ክፍልን ሥራ በቀን ባስተናገደው ሰው ብዛት ብቻ መመዘን ይተዉ። ስንት ምስል እንደተደገመና ለምን እንደተደገመም ይጠይቁ። ከታካሚ ጋር መነጋገርም እንደ ማሽኑ አሠራር ሥልጠና ይሰጥበት፤ በቀጠሮው ላይም ደቂቃ ይመደብለት።