በጎ ሥራ ላይ ነኝ

እናቴ ደወለች። «ምን እየሠራህ ነው?» አለችኝ። ደክሞኝ ስለነበር እንደመጣልኝ «በጎ እየሠራሁ ነው» አልኳት። «እሰይ የኔ ልጅ፣ በጎ ሥራ ለነፍስ ነው» ብላ መረቀችኝ። እማዬ፣ ጎ እኮ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ነው። ለነፍስ ሊሆን ቀርቶ ነፍሴን እያወጣት ነው።

ስምንት ዓመት ሙሉ በፓይተን፣ በሌላ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ፣ እንጀራ በልቻለሁ። ባለፈው ወር አለቃችን ከአንድ ስብሰባ ተመልሶ «ሲስተሙን በጎ እንደገና እንጽፈዋለን» አለ። ለምን? ዶከርም ኩበርኔቲስም፣ ትልልቅ ሲስተሞች የሚሮጡባቸው ሶፍትዌሮች፣ የተጻፉት በጎ ነው ብሎ ነው። አልዋሸም። ግን የእኛ ሲስተም በቀን የሚያስተናግደው ሰው የሜክሲኮን የታክሲ ሰልፍ አያህልም! የተሰጠኝ ጊዜ ሁለት ሳምንት። «ሲኒየር አይደለህ እንዴ? ቋንቋ ቋንቋ ነው» አለኝ። አማርኛና ትግርኛም እኮ የሚጻፉት በአንድ ፊደል ነው። ታዲያ በሁለት ሳምንት መቀሌ ሄጄ ጥብቅና ልቁም?

የመጀመሪያው ቀን ያለቀው ከኮምፓይለሩ፣ ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ ከሚተረጉመው፣ ጋር ስጨቃጨቅ ነው። ጎ ውስጥ ያወጅከውን ቫሪያብል (ዋጋ የሚያዝበት ስም) ካልተጠቀምክበት ፕሮግራሙ አይነሳም። ማስጠንቀቂያ አይደለም፣ አይነሳም። አንዲት መስመር ለሙከራ ኮሜንት አድርጌ ከሥራ አስወጣለሁ፤ እሷ ትጠቀምበት የነበረው ቫሪያብል ሥራ ፈት ይሆናል። እሱን ሳጠፋ ደግሞ ኢምፖርቱ (ከሌላ ቦታ የጠራሁት ኮድ) ሥራ ይፈታል። ሁሉንም አጥፍቼ ሞክሬ ስመለስ፣ ሁሉንም እንደገና መጻፍ ነው። ድሮ የነበርኩበት ግቢ አከራይ እንዲህ ነበሩ። ሰው የሌለበት ክፍል አምፖል በርቶ ካዩ ከቆጣሪው ነበር የሚያጠፉት።

እሺ፣ ጥንቁቅ ቋንቋ ነው እንበል። ታዲያ በማግስቱ ዳታዬ በሙሉ ሲጠፋ የት ሄዶ ነበር? የደንበኛ መረጃ የሚይዝ ስትራክት ሠራሁ፣ ወደ ጄሰን (ዳታ ወደሚላክበት የጽሑፍ ቅርጽ) ቀየርኩት፣ የወጣው ባዶ ቅንፍ ነው። ስህተት የለም። ቅሬታ የለም። ዝም። ከምሳ በኋላ ጀምሬ እስኪመሽ ፈለግኩ። ለካ የፊልዱ (ስትራክቱ ውስጥ ያለው የአንዱ መረጃ) ስም በትልቅ ፊደል ካልጀመረ ከፓኬጁ (ኮዱ ካለበት ማህደር) ውጪ ማንም አያየውም፤ የጄሰን ላይብረሪውም ሳያየው ያልፋል። ለአንድ ሥራ ፈት ቫሪያብል እሪ ያለው ቋንቋ፣ ለዚህ ትንፍሽ አላለም!

እግረ መንገዴን ያሰብኩት ነገር። ጎ የቫሪያብል ስም በግዕዝ ፊደል መጻፍ ይፈቅዳል። ግን የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። ስለዚህ በግዕዝ ፊደል የጀመረ ስም ዕድሜ ልኩን ከፓኬጁ አይወጣም። ሀ ሁ ቤት ውስጥ ተቆልፎበት ቀረ ማለት ነው።

ፊደል ካነሳን አይቀር ዋናውን ጉድ ልንገራችሁ። የደረሰኝ መልእክት ላይ ቦታ ስለሚጠብብን የደንበኛውን ስም 10 ፊደል ላይ እንቆርጠዋለን። በፓይተን የአንድ መስመር ሥራ ነው። በጎም ያው መሰለኝና እንደለመድኩት ጻፍኩ። በሙከራው «ገብረ ሥላሴ» የሚለው ስም «ገብረ» ሆኖ ወጣ። ሥላሴ የሉም። «ተስፋዬ» ደግሞ «ተስፋ» ሆነና ከአጠገቡ በጥቁር አልማዝ ውስጥ የተቀመጠች የጥያቄ ምልክት መጣች። ተስፋ እና የጥያቄ ምልክት! ቋንቋው ስለ እኔ የተናገረው እውነተኛ ነገር ይሄ ብቻ ነው።

ምክንያቱን ሳየው ጎ የሚቆጥረው ፊደል ሳይሆን ባይት (ፊደሉ ኮምፒውተር ላይ የሚይዘው ቦታ) ነው። በዩቲኤፍ ኤይት (ፊደል በባይት በሚጻፍበት ደንብ) አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። «ሰላም» ስንት ነው ብትለው 9 ይልሃል። «ገብረ» 9፣ ክፍት ቦታዋ 1፣ አለቀ፤ ለሥላሴ ቦታ የለም። ትክክለኛ ፊደል ከፈለግህ መጀመሪያ ወደ ሩን (ጎ ለአንድ ፊደል የሰጠው ስም) ቀይር ይላል። አንብቤ አንብቤ ያገኘሁት ደግሞ የባሰ አናደደኝ። ዩቲኤፍ ኤይትን እ.ኤ.አ. በ1992 ኒው ጀርሲ ውስጥ ምግብ ቤት ተቀምጠው፣ ሳህን ሥር በሚነጠፍ ወረቀት ላይ የነደፉት ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 ጉግል ውስጥ ከሮበርት ግሪሰመር ጋር ሆነው ጎን የጀመሩትም እነሱው ናቸው። ያው ሁለት ሰዎች! እራታቸውን ሲበሉ የጀመሩት ነገር እኔን እራት ከለከለኝ።

ቀኑስ? ሪፖርት ላይ ቀን ለማውጣት እንደ ሰው «ዋይ ዋይ ዋይ ዋይ፣ ኤም ኤም፣ ዲ ዲ» (ዓመት፣ ወር፣ ቀን ለማለት) ብዬ ጻፍኩ። ሪፖርቱ በየመስመሩ ያንኑ ዋይ ዋይ መልሶ አወጣልኝ። እንደ ለቅሶ ቤት። ጎ የሚፈልገው አንድ የተወሰነ ቀን በምሳሌነት እንድትጽፍለት ነው፤ ሰኞ ጃንዋሪ 2 ቀን 2006፣ 15:04:05። ለምን ይሄ ቀን? በአሜሪካኖች አጻጻፍ ወሩ 1፣ ቀኑ 2፣ ሰዓቱ 3 (15 በፈረንጅ ከሰዓት በኋላ 3 ነው)፣ ደቂቃው 4፣ ሰከንዱ 5፣ ዓመቱ 6 እያለ ስለሚሄድ። በእኛ ቆጠራ ሳሰላው ታኅሣሥ 24 ቀን 1998፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ከ4 ደቂቃ። ተክለ ሃይማኖት! እኔ የማስታውሰው በዚሁ መንገድ ነው፣ ሌላ ዘዴ አላገኘሁም።

ስለ ስህተት አያያዙ ብዙ አልልም። በየመስመሩ «ችግር አለ? የለም» እየተባባሉ መሄድ ነው። እንዴት ነህ፣ ደህና ነህ፣ ቤተሰብ ደህና፣ ከብቱ ደህና፣ ከዚያ ወደ ጉዳዩ።

ፍርድ ላለማጓደል፣ ሲያልቅ አንድ ፋይል ሆኖ ሰርቨር ላይ መወርወሩ ደስ ይላል። እንደ ፓይተን ላይብረሪ ጎደለ፣ ቨርዥን ተጋጨ የለም። እሺ።

የሚያመኝ ሌላ ነው። ቢሮ ውስጥ አንድ ተለማማጅ አለ። ኮድ መጻፍ የጀመረው በጎ ነው። ሥራዬን አየና በጣም በትህትና «ጋሼ፣ ጎን በፓይተን አፍ ነው የምትናገረው» አለኝ። ጋሼ! በፓይተን ዘመን «ብሮ» ነበር የሚለኝ።

ነገ ለአለቃችን ማሳየት አለብኝ። አሁን ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው። ኮዱን ጨርሼ ለተለማማጁ ላክሁለት፣ ላፕቶፑን ዘጋሁ፣ ጫማዬን አወለቅኩ። ስልኬ ጮኸ።

«ጋሼ፣ አልነሳ አለኝ። ያልተጠቀምክበት ኢምፖርት አለ።»