አሸዋው ብቻ አይደለም፤ ጨውም አለ
በግብፅ ኤል አላሜይን ስላለው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮች መቃብር የወጣው ጽሑፍ የመቃብር ድንጋዮቹን ፊደል የሚያጠፋው የበረሃ አሸዋ ነው ይላል፤ ጨውን ግን ረስቶታል። ባሕሩ ቅርብ ነው፤ ሌሊት እርጥበቱ ጨውን ወደ ድንጋዩ ያስገባል፣ ቀን ሲደርቅ ጨው ከገጹ ሥር ይጠጥርና ድንጋዩን እንደ ቅርፊት ይልጠዋል። ለጽሑፉ በሰጡት አስተያየት «በግፊት ውኃ ይታጠብ፣ ስንጥቁ በሲሚንቶ ይደፈን» ላሉት፦ እባካችሁ አይሆንም! ግፊቱ የላላውን ፊደል ጠርጎ ይሄዳል፤ ሲሚንቶም እርጥበቱን ስለሚያፍን ድንጋዩ በስንጥቁ ዳርና ዳር ይፈረፈራል። መጀመሪያ በለስላሳ ብሩሽ በደረቁ ይጠረግ። ከዚያ ከጨው በተጣራ ውኃ (በቧንቧ ውኃ አይደለም፣ እሱም ጨው አለው) የላቆጠ ወረቀት 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ተለጥፎ ይድረቅና ይነሳ፤ ጨዉን ስቦ ይወጣል። አንዴ አይበቃም፣ ይደጋገም። ስንጥቁ በኖራ ይሞላ። እዚያ ካረፉት ከ7,200 በላይ ወታደሮች 815ቱ ማንነታቸው አልታወቀም፤ የታወቁትን ስም እንዳናጣ።