ቁልቁለቱንም አስቡበት
ስለ ጫማ አመራረጥ ያነበብኩት ጽሑፍ እግርን አርጥቦ ወለል ላይ በማሳረፍ፣ በሚታየው ዱካ የሩጫ ጫማ እንድንመርጥ ይመክራል። ዱካው የውስጥ እግርን ቅርጽ ያሳያል እንጂ ስንሮጥ እግራችን ምን እንደሚሆን አይናገርም። እኔ የምኖረው ደሴ ነው፤ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ። ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁል ስሮጥ ጠፍጣፋ እግሬ አንድም ቀን አላስቸገረኝም፤ ያስቸገረኝ የጫማው አፍንጫ ነው። ልክክ ብሎልኝ በገዛሁት ጫማ ውስጥ እግሬ ወደ ፊት እየተንሸራተተ ሁለቱም የአውራ ጣት ጥፍሮቼ ጠቆሩ። አሁን ከረጅሙ ጣቴ ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍተት ካልቀረ አልገዛም፤ የምለካውም እግር አበጥ በሚልበት ከሰዓት በኋላ፣ የምሮጥበትን ካልሲ አድርጌ ነው።

ስለ ሰልባጅ ጫማ ዝም መባሉ ግን አስገርሞኛል። ብዙዎቻችን የምንገዛው እሱን አይደለም እንዴ? ገልብጣችሁ ሶሉን እዩ። ተረከዙ በአንድ ጎን ከተበላ የቀድሞው ባለቤት የእግር አጣጣል ታትሞበታል፤ እናንተንም ወደዚያው ያዘነብላችኋል። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ከኋላው ተመልከቱት፤ ካጋደለ፣ ላዩ የቱንም ያህል ቢያብረቀርቅ፣ ለሻጩ መልሱለት።