የሙዙምዳር ሃያ ዓመት ካሳ አያስፈልገውም

ዱባይ ወይም ሻርጃ የኖረ ሰው ክሪኬትን ከሩቅም ቢሆን ያውቀዋል። በዕረፍት ቀን ማለዳ፣ ፀሐይዋ ሳትከርር፣ የህንድና የፓኪስታን ሠራተኞች ባዶ ሜዳ ፈልገው ይጫወታሉ። አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በጠፍጣፋ ዱላ ይመታል። መቺው ከጓደኛው ጋር ቦታ እየተቀያየረ በሮጠ ቁጥር ነጥብ ያገኛል። ተጋጣሚዎቹ እስኪያስወጡት ድረስ ይመታል። ይህን ካወቃችሁ የአሞል ሙዙምዳርን ነገር ለመረዳት ይበቃችኋል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ኖቬምበር 2 ቀን 2025 የህንድ የሴቶች ቡድን ናቪ ሙምባይ ላይ ደቡብ አፍሪካን በ52 ነጥብ አሸንፎ ለመጀመሪያ ጊዜ የዓለም ዋንጫ አነሳ። አምበሏ ሃርማንፕሪት ካውር ወደ አሰልጣኛቸው ሄደችና ዝቅ ብላ እግሩን ነካች። እኛ ዘንድ የታላቅ ሰው ጉልበት እንደሚሳመው ማለት ነው። አሰልጣኙ ሙዙምዳር ነበር። ለብሔራዊ ቡድን አንድም ቀን ተሰልፎ አያውቅም። ያን ሰሞን ስለ እሱ የተጻፈው አብዛኛው ነገር አንድ ዓይነት ነው፦ ‹‹በመጨረሻ ተካሰ››።

እኔ ይህ አባባል አይዋጥልኝም። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

በ1988 ሙዙምዳር ቦምቤይ (የዛሬዋ ሙምባይ) ውስጥ የ13 ዓመት ተማሪ ነበር። ትምህርት ቤቱ አዛድ ማይዳን በሚባለው ሰፊ ሜዳ ላይ ይጫወታል። ቀጣዩ መቺ እሱ ነው። የእግር መከላከያውን አስሮ ተራውን መጠበቅ ጀመረ። ሜዳ ላይ የነበሩት ሁለት ልጆች ግን አልወጣ አሉ። አንዱ 349 ነጥብ አስቆጠረ፣ ቪኖድ ካምብሊ ይባላል። ሌላው 326። እሱ ደግሞ ኋላ በዓለም ከታወቁት መቺዎች አንዱ የሆነው ሳቺን ቴንዱልካር ነው። ሁለቱ አብረው 664 አደረሱትና የቡድናቸው የመምታት ተራ በዚያው አለቀ። ሙዙምዳር መከላከያውን ፈትቶ ወደ ቤቱ ገባ። አንድ ኳስ እንኳ አልመታም።

የሰውየውን ታሪክ የሚያወሩ ሁሉ ከዚህች ቀን ይጀምራሉ። እኔም ከእሷ ጀመርኩ፣ ታምራለችና። ግን የታሪኩ ሁሉ ማሰሪያ ስትሆን ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲጠብቅ የኖረ ይመስላል። አልተቀመጠም።

በ1994፣ በ19 ዓመቱ፣ በራንጂ ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ለቦምቤይ ተሰለፈ። ራንጂ ከ1934 ጀምሮ የሚካሄድ የህንድ ክልሎች ውድድር ነው። አንዱ ጨዋታ ብቻ ቀናት ይፈጃል። ፋሪዳባድ ላይ ከሐሪያና ጋር ገጠሙና ልጁ 260 ነጥብ አስቆጠረ። በመጀመሪያ ጨዋታው ይህን ያህል ያስቆጠረ ሰው በዓለም ላይ አልነበረም። ክብረ ወሰኑ እስከ 2018 ድረስ ቆየ።

ከዚያስ? ከዚያ በሩ ተዘጋ። ከእሱ ጋር በህንድ ሁለተኛ ቡድን የተጫወቱት ራሁል ድራቪድና ሶራቭ ጋንጉሊ በ1996 ዋናውን ቡድን ተቀላቀሉ። በዚያው ዓመት ላክስማን መጣ። ቴንዱልካር ቀድሞውንም ነበር። አራቱም እሱ በሚፈልገው ቦታ ላይ የሚመቱ ናቸው፣ አራቱም ዓመታት ቆዩ። ማንም አልበደለውም። የተወለደበት ዘመን ነው የጠበበው።

እሱ ግን መጫወቱን አላቆመም። 171 ጨዋታ፣ 11,167 ነጥብ፣ ሠላሳ ጊዜ ከመቶ በላይ። ቁጥሩን ስታነቡ ሜዳውንም አስቡት። የራንጂ ጨዋታ ብዙውን ጊዜ ተመልካች የለውም። ወንበሩ ባዶ ነው። መቶ ነጥብ የሞላ መቺ ዱላውን ሲያነሳ የሚያጨበጭቡለት ጓደኞቹና ጥቂት ሽማግሌዎች ናቸው። ያንን ሠላሳ ጊዜ ማድረግ፣ ከዚያ በማግስቱ ደግሞ ተነስቶ መከላከያ ማሰር፣ ለእኔ ከዋንጫ አያንስም።

በ2006/07 ሙምባይን በአምበልነት መራ። ወቅቱን በሽንፈት ነው የጀመሩት። ግማሽ ፍጻሜው ላይ ባሮዳን ሲገጥሙ በሁለተኛው ዙር አንድ ነጥብ እንኳ ሳያገኙ አምስት መቺዎቻቸው ወጡ። ዜሮ ለአምስት! ያን ጨዋታ አሸነፉ፣ ዋንጫውንም ወሰዱ። በዚያ ቡድን ውስጥ ገና የ19 ዓመት ልጅ የነበረ ሮሂት ሻርማ የሚባል ተጫዋች ነበር። በ2024 ህንድን እየመራ የዓለም ዋንጫ አንስቷል። የህንድ ክሪኬት እንዲህ ነው የሚሠራው። ኮከቦቹ ከሰማይ አይወርዱም፣ ባዶ ሜዳ ላይ እንደ ሙዙምዳር ባሉ ሰዎች አጠገብ ቆመው ነው የሚያድጉት።

አሁን ወደ ‹‹ካሳው›› ልመለስ። የ2025ቱ የሴቶች ቡድን በመጀመሪያው ዙር ሦስት ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፎ ነበር። ግማሽ ፍጻሜው ላይ ከአውስትራሊያ ጋር 339 ነጥብ ማሳደድ ነበረበት። ጀሚማ ሮድሪጌዝ 127 አስቆጥራ ቡድኑን ባታድነው ኖሮ ዋንጫ የሚባል ነገር የለም። እሺ፣ ያን ቀን ተሸንፈው ቢሆንስ? 11,167 ነጥብ ባዶ ሊሆን ነበር? አንድ ሰው ሃያ ዓመት በሙያው የሠራው ሥራ ዋጋ፣ ሥራውን ካቆመ ከዓመታት በኋላ ሌሎች በሚጫወቱት ጨዋታ አይወሰንም። በዋንጫው ደስ ብሎኛል፣ ከልቤ። ግን የአሰልጣኙ ሙዙምዳር ዋንጫ ነው። ተጫዋቹ ሙዙምዳር ዕዳ የለበትም፣ የሚከፈለውም የለም።

ምክንያቱም ካሳ የሚባለው ነገር ያልደረሳቸው ብዙ ናቸው። ራጂንደር ጎየል ኳስ ወርዋሪ ነበር፣ በግራ እጁ። የሱን ቦታ ቢሻን ቤዲ ይዞት ነበር፣ ቤዲ ደግሞ በዓለም ከታወቁት አንዱ ነው። በ1974 ቤዲ በዲሲፕሊን ምክንያት ተቀጣ። ጎየል ከዌስት ኢንዲስ ጋር ለሚደረገው ጨዋታ ወደ ባንጋሎር ተጠራ። ሄደ። አልተሰለፈም። ቀጥሎ ቤዲ ተመለሰ። ጎየል ዕድሜው ከአርባ እስኪያልፍ ድረስ በራንጂ መወርወሩን ቀጠለ፣ በ2020 በ77 ዓመቱ አረፈ። በራንጂ ያስወጣቸው መቺዎች 637 ናቸው። ከዚያ በላይ ያስወጣ ሰው ዛሬም የለም።